የእናቴ ምራቅ

ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ ጎንደር ሄጄ፣ ከፒያሳ ወደ ታች ስወርድ አንድ ጫማ ሰፊ የቆዳ ቁራጭ ሰብስቦ ደጁ ላይ ሲያቃጥል አገኘሁት። ዕለቱ ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን የሚያጥንበት ቀን ነበር፤ እሱም የድርሻውን ማጠኑ ነው፣ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የግንቡን ድንጋይ ይዤ ቆምሁ። ሰውየው መርፌውን ጥሎ ተነሣና «ምነው እማማ፣ አመመዎት?» አለኝ። «የቆዳው ጭስ ነው» አልሁት። ይቅርታ ብሎ እሳቱን ሊረግጥ ሲል «ተወው፣ ይንደድ» ብዬው መንገዴን ቀጠልሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከማንም ጋር ቂም የለኝም፤ ከዚህ ሽታ ጋር ግን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እንደተጣላሁ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ጣሊያን ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ የፒያሳን ሕንፃዎችና «ማኪና» የሚለውን ቃል ትቶልን ሄዷል። ቤታችን ከአንድ ደብር አጥር ሥር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ቀን ቀን ወይራ ሥር ተቀምጦ ለተማሪዎቹ ዜማ ያስጠናል። ቁጡ ነው፣ ቶሎ ይገነፍላል፤ ድምፁን ሲያነሣ ግን በደብሩ የሚተካከለው አልነበረም። እናቴ ትርንጎ ከጭልጋ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ረዘም ያለች፣ ሳቅ የማይርቃት፣ ጎረቤት አስነጠሰ ሲባል ሙቅ አፍልታ የምትሮጥ ሴት ነበረች። ስለ ጭልጋ ዘመዶቿ ብዙ አታወራም። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ሰው ከአገሯ መጥቶ፣ ከጓሮ ቆመው በማላውቀው ቋንቋ ሲያወሩ ሰማሁ። ግዕዝ መሰለኝ። አባቴ ለቅዳሴና ለማኅሌት የሚቆጥበውን ቋንቋ እናቴ ስለ ላምና ስለ ማሽላ ታወራበታለች ብዬ ኮራሁባት። የቅማንት ቋንቋ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ መልኬ የምትባል ሴት ከወለቃ ምንቸትና ገንቦ ተሸክማ በደጃችን ታልፋለች። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ብርቄ ስናያት ሮጠን ከበር ጀርባ እንደበቃለን። ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ልጅ ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይጋልባል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እናቴ ግን ታስቆማታለች፤ «አረፍ በይ እንጅ» ብላ ከጥላው ድንጋዩን ታሳያታለች። መልኬ ትቀመጣለች፤ ከእጃችን ግን ምንም አትቀበልም። ቢጠማት ከራሷ ቅል ትጠጣለች። ምንቸቷን መሬት ታስቀምጣለች፣ እናቴ ታነሣለች፣ እጅ ከእጅ አይነካካም። እኔ ማተባችን የሚያቃጥላት እየመሰላት ትፈራናለች ብዬ አስብ ነበር። በእሷ የኦሪት ሃይማኖት ርኩሶቹ እኛ እንደሆንን፣ ከነካችን ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ ቤቷ እንደማትገባ የነገረኝ የለም። ቢነግሩኝስ መቼ አምናለሁ! የመሪጌታ ልጅ ያረክሳል ብሎ ማን ያምናል!

በዚያ ዓመት ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የሚሉት፣ ከደንቢያ ወጥቶ ከተማችን ገባ። የብርቄ አባት እህሉን ሊያይ ደንቢያ ሲወርድ እሷንም በበቅሎ ይዟት ወርዶ ነበር። ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ እኛ ቤት መጣች። እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ «ኧረ ሸጋ! ይህን የመሰለ ፀጉር ከየት አመጣሽው ልጄ?» አለችና ራሷን ዳበሰቻት። «በስመ አብ» አላለችም። የሰው ልጅ ያደነቀ ሰው «በስመ አብ» ሳይል ዝም ካለ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ልጁን በዓይኑ እንደወጋው ይቆጠራል። እናቴ ረሳችው፣ በቃ። የብርቄ እናት አለሚቱ ግን በሩ ላይ ቆማ ነበርና ልብ ብላለች። ብርቄ ውሃ ጠማኝ አለች፤ እናቴ ከእንስራው ቀድታ ሰጠቻት፤ ሁለቴ አስቀድታ ጠጣች። በዚያው ቀን ትንቀጠቀጥ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ሙቅ ይዛ ልትጠይቃት ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ ተከተልሁ። ቤቱ ሞልቷል። ነገሩ ተወስኖ አልቋል፤ መልኬ ናት የበላቻት፤ ሐሙስ በደጅ አልፋለችና። ወለቃ ሂደው ጎትተው እንዲያመጧት ሁለት ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ይጠባበቃሉ። የቀረው ከብርቄ አፍ ስሟን መስማት ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ አያ ቸኮል ነበሩ። አያ ቸኮል በሰፈራችን ቡዳ የበላውን ሰው በማስለፍለፍ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ቡዳው በበሽተኛው አፍ ራሱ ስሙን ይናገራል ይባላል፤ እንዲናገር ደግሞ ይታጠናል። አያ ቸኮል የአሮጌ ጫማ የቆዳ ሶልና ነጭ ሽንኩርት ፍም ላይ ጥለው፣ የብርቄን ፊት ወደ ጭሱ ደፍተው ጋቢ አለበሱባት።

«ማነህ? ተናገር!»

ብርቄን ሳል አጣደፋት።

«ከየት መጣህ? ተናገር!»

«ውሃ» አለች ብርቄ ከጋቢው ውስጥ።

«ስምህን ሳትናገር ውሃ የለም! ማነህ?»

እናቴ አልቻለችም። «ኧረ አያ ቸኮል፣ ልጅቱ ታፍና መሞቷ ነው! ውሃ ስጧት እንጅ!» አለች።

ብርቄ ድምፁን ሰማች። ጋቢውን በሁለት እጇ ገፍታ፣ እንባና ንፍጥ በተቀላቀለበት ፊቷ ወደ እናቴ ዞረችና «እቴ ትርንጎ! እቴ ትርንጎ!» ብላ ጮኸች።

አሁን ሳስበው ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። ልጅ ናት፣ ጠምቷታል፣ ባለፈው ውሃ የሰጠቻትን ሴት ጠራች። ከዚያ ሁሉ ዘመድ መካከል የራራላት አንድ ሰው አግኝታ እሱን መጥራቷ ነው። ነገር ግን ሲጠየቅ የነበረው «ማነህ?» ነበርና የጠራችው ስም መልስ ሆነ።

ከእናቴ ግራና ቀኝ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ፈቀቅ አሉ። መቆሚያ በጠፋበት ቤት ለእናቴ ብቻ ሰፊ ቦታ ተገኘ። ሙቁን እንደያዘች ቀረች። ማንም ከእጇ አልተቀበላትም። እኔ እስከዚያች ደቂቃ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ነበር፤ ለቀቅሁት። ማንም ልቀቂ አላለኝም።

አለሚቱ ከእግሯ ሥር ወደቀች። «ትርንጎ፣ በማርያም! ምን በደልሁሽ? እትፍ በይባትና ልጄን ልቀቂልኝ!»

«ምን ማለትሽ ነው አለሚቱ? አብረን ማኅበር ጠጥተን፣ አብረን ውሃ ወርደን!»

«አንድ ልጄ ናት። እትፍ በይባት!»

ደንቡ እንዲያ ነው፤ ስሙ የተጠራው ሰው መጥቶ ምራቁን በበሽተኛው ላይ እትፍ ሲል ይለቃል ይባላል። እናቴ ሙቁን መሬት አስቀምጣ ወጣች። እኔ ከኋላዋ፣ እንደ ሌላ ሰው ልጅ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ተከተልኋት።

ወሬው ቀድሞን አባቴ ጋ ደርሷል። ትምህርቱን አቋርጦ መቋሚያውን እንደያዘ ግቢ ውስጥ ይንጎራደዳል።

«ሂጅና እትፍ በይባት» አለ ገና ሲያያት።

«ምን ሁኜ?»

«ምንም ሳትሆኝ። ምራቅ ነው፤ ምን ይጎድልብሻል?»

እናቴ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ ደነገጥሁ። «መሪጌታ፣ አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስኪ ይንገሩኝ። ሂጄ እትፍ ብያት ብትድን፣ ቡዳዋ ለቀቀቻት አይሉም? ቀርቼ ብትሞትስ፣ በላቻት አይሉም? እኔ ትርንጎ ሁኜ የምቀረው በየትኛው ነው?»

የአባቴን መልስ ጠበቅሁ። ያን ሁሉ መጽሐፍ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ተማሪ ጠይቆት «አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። አሁን ግን መቋሚያውን መሬት ላይ ያዞር ጀመር። ሰው ቡዳ አይሆንም፣ ሚስቴን አውቃታለሁ፣ ይላል ብዬ ነበር። ያላለው እንደሌሎቹ በልቡ ፈርቶ ይሁን፣ ወይስ ደብሩን አስቦ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከጭልጋ ስትመጭ ወገንሽን ለሰው አታውሪ ያልሁሽ ይህን ፈርቼ ነበር» አላት።

«ወገኔን ባወራ ኑሮ፣ ቢያንስ የምሰደበው በሆንሁት ነበር» አለችው።

ያን ጊዜ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ አባቴ አንገቱን መድፋቱ ነው። እናቴ ከደጁ ድንጋይ ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሰው «ልጅቱ ልትሞት ነው። እኔ ስሜን ሳስታምም ልጅ ትሙት?» አለችና ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ የክት ነጠላዋን ለበሰች፣ ወጣች።

አለሚቱ ቤት ስንደርስ ሰው መንገድ ለቀቀላት። በዓይኗ እንዳትወጋው ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እናቴ ብርቄ ከተኛችበት መደብ አጠገብ ቆመችና «እኔ አይደለሁም። ሁላችሁም ስሙኝ፣ እኔ አይደለሁም። ልጅቱ ትድን እንደሁ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ እትፍ አለችባት። ዓይኗ ላይ አንድ ዘለላ እንባ አልነበረም። ብርቄ እንደገና ውሃ አለች፤ ማንም ሳይንቀሳቀስ እናቴ ራሷ ቀድታ ጭንቅላቷን ደግፋ አጠጣቻት። ዋንጫውን በኋላ ሰብረው ገደል ጣሉት ሲሉ ሰምቻለሁ።

የብርቄ አባት ከገበያ ሲመለስ፣ ሁሉንም መሞከር የሚወድ ሰው ነበርና፣ ከሆስፒታል ድሬሰር ይዞ መጣ። ድሬሰሩ ከቦርሳው ኪኒን አውጥቶ ለስንት ቀን እንደሚሰጣት ነግሮ ሄደ። ብርቄ ኪኒኑን በጀመረች በአራተኛው ቀን ቁጭ ብላ በላች። ስለ ኪኒኑ ያወራ ሰው ግን የለም። «ለቀቀቻት» ተባለ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያማ «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» የማይል ጠፋ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ኅዳር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር የእናቴ ተራ ነበር። ጠላውን ጠመቀች፣ ድፎውን ደፋች፣ ሣሩን ጎዘጎዘች። ከቄሱ በቀር ማንም አልመጣም። ቄሱም ቆመው ጸሎቱን አድርሰው፣ ሆዴን አሞኛል ብለው ሳይቀምሱ ወጡ። የአባቴ ተማሪዎች «ስለ እመቤታችን» ብለው በራችን ላይ መቆም ተዉ፤ አኩፋዳቸውን ይዘው በደጃችን ሲያልፉ ወደ ሌላ ያያሉ። እናቴ አንገረብ ወንዝ ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸው ሳይሞላ ተነሥተው ይሄዳሉ። «ተራ መጠበቅ ቀረልኝ» ብላ እኔን ልታስቀኝ ትሞክር ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም ሥራ ላይ ነበርሁ። እናቴን እየሰለልኋት ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ቡዳ ነጭ ሽንኩርት ይፈራል ስለሚባል ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠርሁባት፤ አገኘችውና «ደጉን ሽንኩርት ማን እዚህ ረሳው?» ብላ ወጥ ውስጥ ጨመረችው። ስትበላ አፍጥጬ አየኋት፤ ምንም አልሆነችም፤ ታዲያ እኔ ያልሁት «እንዴት ያለች አስመሳይ ናት!» ነው። ቀሚሷን ጅብ ጅብ ይሸት እንደሁ አሸተትሁት፤ ቅቤና በርበሬ ይሸታል። አንድ ቀን ደግሞ ከመተኛቴ በፊት በበሩ ደፍ ላይ አመድ ነሰነስሁ። ጅብ ጋልባ ከወጣች ኮቴው ይታያል ብዬ ነው። ሲነጋ ሮጬ ሄድሁ። አመዱ ላይ የነበረው የእናቴ ባዶ እግር ብቻ ነው፣ ኪዳን ልታስደርስ ስትወጣ የረገጠችው። ቀና ስል ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ከፊቴ ቆማለች። አመዱን አየች፣ እኔን አየች። መጥረጊያ አመጣችና ዝም ብላ ጠረገችው። አልተቆጣችም። ብትመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ከብርቄ ጋር መጫወት ተከልክለን ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«እናትሽ በላችኝ አሉ» አለችኝ። «እኔ ግን ምንም አላስታውስም። ውሃዋ ቀዝቃዛ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውስ።»

ይህችን ቃል ለእናቴ ሄጄ ብነግራት ኖሮ! አልነገርኋትም። ዋጋ ያላት አልመሰለኝም።

በሚቀጥለው ሐሙስ መልኬ መጣች። እናቴ ብቻዋን ከጥላው ተቀምጣለች። መልኬ ሸክሟን አወረደች፤ ሳትጠየቅ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጎረምሶቹ እሷን ሊያመጡ ዱላ ይዘው ቆመው እንደነበር ሰምታለች። «ለእኔ የተዘጋጀው አንች ላይ አረፈ» አለች መልኬ።

«አንችስ እንዴት ቻልሽው?» አለቻት እናቴ።

«እኛማ ከእናታችን ማኅፀን ጀምሮ ነው። ትለምጅዋለሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ አይለመድም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው የሚልሽን ቤትሽ አታስገቢው። አንዴ ከገባ ከአንች ጋር ይበላል፣ ከአንች ጋር ይተኛል።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ከበር ጀርባ ሆኜ ሁለት ቡዳዎች ሲመካከሩ የሰማሁ መሰለኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ንዳዱ እኔንም ያዘኝ። መጀመሪያ ብርዱ፣ ቀጥሎ ቃጠሎው። ጥርሴ ሲፋጭ ለራሴ ይሰማኛል። አባቴ ድሬሰሩን ሊጠራ ሮጠ። እናቴ ጨርቅ በውሃ እየነከረች ግንባሬ ላይ ታደርጋለች። ጣቷ ሲነካኝ ሰውነቴ ይኮማተራል። አልጠላኋትም፤ ይህን በማርያም ስም እምላለሁ። ፈልጋ ያደረገችው እንኳ አልመሰለኝም። ከተለመነች ግን እንደምትለቀኝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብርቄን ለቅቃታለች።

«እማዬ» አልኋት።

«ወይ የእኔ አበባ።»

«እትፍ በይብኝ። ልቀቂኝ።»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። በአለሚቱ ቤት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባ ያልወጣት ሴት ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ተጨማደደ። ተቆጭኝ፣ ተሳሳትሽ በይኝ እያልሁ ጠበቅኋት፤ የፈለግሁት ያንን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። አልተቆጣችም። መሬት ላይ ተንበረከከች፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ራሷ ደረት እያየች፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እኔ አይደለሁም። ግን ከሆንሁ፣ ሳላውቀው ከሆንሁ፣ ልጄን ልልቀቃት።»

ሦስት ጊዜ እትፍ አለችብኝ። ምራቋ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ቀለለኝ፤ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ድሬሰሩ መጥቶ ኪኒኑን ሰጠኝ፤ መራራነቱ አሁንም ምላሴ ላይ አለ። በአራተኛው ቀን ተነሥቼ ራበኝ አልሁ። አባቴ በደስታ አቅፎ አነሣኝ፣ ድምፁን ለቅቆ አመሰገነ፤ ተማሪዎቹ እንኳ ከአጥሩ ወዲያ «እልል» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሳቅሁላት። «ብርቄን ያዳናት ኪኒኑ ነው» እያለች ለራሷ ስትምል የከረመች ሴት፣ እኔ መዳኔን ስታይ ደነገጠች። ማንም ሳያስገድዳት፣ ልጇ ለምናት፣ እትፍ አለች፤ ልጇም ዳነች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር፤ የፈራችውም እኔን አልነበረም።

ምሳ አቀረበችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስታጎርሰኝ ዓይኗን ትጨፍን ነበር።